የዊንተርኮምብ ቤት አይከፋም

ዊንተርኮምብ ቤት ውስጥ ለሁሉም ነገር የሚበቃ አንድ ቃል ነበር፤ «አይከፋም» የሚል። ቁርሱ እንዴት ነበር? አይከፋም። አዲሱ ፈረስስ? አይከፋም። ጣሪያው ቢያፈስ፣ መከሩ ቢያምር፣ ንጉሡ ራሳቸው ለሻይ ቢመጡ መልሱ ያው ነው። የቤቱ እመቤት የሌዲ ኦክታቪያ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቀበሮ ሲያሳድዱ ከፈረስ ወድቀው አጥር ሥር ተጋድመው ሳለ «ጌታዬ፣ እንዴት ነዎት?» ብለው ለጠየቋቸው የአደን ጓደኞቻቸው የሰጡት መልስ ይኸው ነበር። ጓደኞቻቸውም ቃላቸውን አክብረው ቀበሮዋን ተከትለው ሄዱ። ሲመለሱ ሰውየው አርፈው ነበር።

ልጃቸው ሻለቃ ሎርድ ፔሪግሪን ከአባቱ ማዕረጉንና ቤቱን ብቻ አልነበረም የወረሰው፤ ቃሉንም ጭምር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጣልያን አገር መቀመጫው ላይ ቆስሎ ሆስፒታል ሲገባ፣ ሐኪሙ «ያምዎታል?» ቢለው «አይከፋም» አለ። ስለዚህ በሆዱ አስተኝተው ኮሪደር ላይ ተዉትና ጥርሱን የታመመ ወጥ ቤት አስቀደሙ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሊመጣ ሲል በአንድ ጎኑ ነው የሚቀመጠው። በዊንተርኮምብ ደግሞ ዝናብ ሁልጊዜ ሊመጣ ነው።

ሻለቃው አርባ አራት ዓመት ሞልቶት ገና ሚስት አላገባም። ሌዲ ኦክታቪያ እናት ናቸውና ይጨነቃሉ። ጭንቀታቸውን ግን ለሰው አይናገሩትም፤ ሹራብ ይሠሩታል። ልጃቸው ላይ የነበራቸውን ሐሳብ ማወቅ የፈለገ ሰው የሻለቃውን ቁም ሣጥን ከፍቶ ማየት ይበቃዋል። መሳቢያው አልዘጋ ብሏል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አስር አለቃ ትሪቬት ቁርሳቸውን ይዞ ገባ። ትሪቬት በጦርነቱ የሻለቃውን ታንክ ይነዳ የነበረ ሰው ነው። ወጥ ቤቷ ብርዱን መቻል አቅቷት ከሄደች ጀምሮ ማእድ ቤቱም በእሱ እጅ ወድቋል። ታንክ ሲነዳ ጎበዝ ነበር አሉ።

«እሜቴ፣» አለ እንቁላሉን እያስቀመጠ፣ «ወይዘሮ ሃርግሪቭ መኪናዋን ልትሸጥ ነው።»

«ለምን?»

«ኒውዚላንድ ወንድሟ ጋ ልትሄድ። መርከቧ ዓርብ ትነሳለች።»

ሌዲ ኦክታቪያ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ፔሪግሪን ያውቃል?»

«አማክራው ነበር አለችኝ። ‹ወንድሜ ነይ ብሎኛል፤ ብሄድ ምን ይመስልዎታል?› ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችው።»

«እሱስ ምን አለ?» ሌዲ ኦክታቪያ መልሱን እያወቁት ነው የጠየቁት።

ትሪቬት ከእመቤቱ ዓይን ሸሽቶ እንቁላሉን አየ። «እንግዲህ፣ ያችኑ ቃል ነዋ፣ እሜቴ።»

ወይዘሮ አይዳ ሃርግሪቭ የከብት ሐኪም ናት። ባሏ በጦርነቱ ሞቶባታል። የመጣችው ከሰሜን ነው፣ ከዮርክሻየር፤ የዚያ ሰው ደግሞ ሲርበው ራበኝ፣ ሲከፋው ከፋኝ የሚል ፍጡር ነው። «አይከፋም» ስትሏት «አይከፋም» ነው የምትሰማው፤ ሌላ ወርቅ አትፈልግበትም። ሻለቃው የሚወዳት መሆኑን አውራጃው ሁሉ ያውቃል፤ ከእሷ በቀር። ጁኖ የምትባለው የሻለቃው ጥቁር ውሻም ታውቃለች፤ መከራው የደረሰው በእሷ ላይ ነውና። ሻለቃው ሐኪሟን ማየት ባማረው ቁጥር ጁኖን «ታማለች» ይላል። አንዴ ሳለች ይባላል፤ አንዴ አነከሰች፤ አንዴ ደግሞ «ሐሳብ ገብቷታል» ተብሎ ሐኪም ተጠራ። በአገሩ እንደ ጁኖ ጤነኛ ውሻ የለም፤ እንደ ጁኖ የታከመም የለም።

ሌዲ ኦክታቪያ እስከ ምሳ ድረስ በሹራቡ ላይ አንድ ክንድ ያህል ጨመሩ። ዛሬስ እናገራለሁ ብለው ወሰኑ። ሻለቃው መጣ፤ ተቀመጠ፤ ትሪቬት የጎመን ሾርባውን አቀረበ። ሾርባው ላይ ጥቂት አረፋ ይታይ ነበር።

«ወይዘሮ ሃርግሪቭ ልትሄድ ነው አሉ፣» አሉ እናት።

«እንደዚያ ይመስላል፣ እናቴ።»

«ኒውዚላንድ ሩቅ ነው።»

«ትንሽ ይርቃል።»

«በግ ብዙ ነው ይላሉ።»

«በጎቹ አይከፉም ይላሉ።»

ሌዲ ኦክታቪያ ትንፋሽ ወሰዱ። አሁን ሊናገሩት ነበር፤ ጫፉ ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። «የምሥራቁ በኩል ያለው የውኃ ቦይ ተደፍኗል፣» አሉ።

«አየሁት።»

«ያሳስበኛል።»

«አዎን። እኔንም ያሳስበኛል።»

ሁለቱም ስለ ቦዩ አዝነው ሾርባቸውን ጠጡ።

«ሾርባው እንዴት ነው፣ ጌታዬ?» አለ ትሪቬት።

«አይከፋም፣» አለ ሻለቃው። እናቱም በመስማማት አንገታቸውን ነቀነቁ።

ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው ዊንተርኮምብን አላየም። በዚያ ቤት ዝምታ ነቅዞ ምሰሶውን ሊጥል ደርሶ ነበር።

ከምሳ በኋላ ሌዲ ኦክታቪያ በኋላ በር በኩል ሲያልፉ ድምፅ ሰሙ። እዚያ ጭቃ የነካው ጫማና የዝናብ ካፖርት የሚሰቀልበት፣ ጁኖም የምትተኛበት ትንሽ ክፍል አለ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ አንድ ወንድ እያወራ ነው፤ ድምፁ የልጃቸው ነው፤ ቃሉ ግን የልጃቸው ሊሆን አይችልም።

«አንቺ የኔ ማር፣ አንቺ የኔ ቆንጆ፣ ነይ እስቲ እግርሽን ልጥረግልሽ። ምሳሽን ለምን ተውሽው? ሰምተሽ ነው አይደል? አዎን፣ ዓርብ ትሄዳለች። ምን ላድርግ? ባትጠይቀኝ ጥሩ ነበር፤ ጠየቀችኝ፣ አፌም ያችን ቃል አወጣት። መኪናዋ ድልድዩን ስትሻገር ጆሮሽን የምታቆሚው አንቺ ብቻ ይመስልሻል? እኔም አቆማለሁ። ስትሄድ ይህ ቤት ይጨልማል፣ ጁኖ። አሁንም ብዙ መብራት የለንም።»

ሌዲ ኦክታቪያ ግድግዳውን ያዙ። ይህን ሁሉ ቃል ልጃቸው የት አስቀምጦት ኖሯል? ሙሉ ጎተራ አለው፤ በሩ የሚከፈተው ግን በአራት እግሩ ለሚሄድ ብቻ ነው። የአባቱም ነገር እንዲሁ ነበር። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ባላቸው «የኔ ፍቅር» ሲሉ የሰሙት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ለፈረስ።

በዚያው ቅጽበት ሐሳብ መጣላቸው። ልጃቸው ለሴትየዋ መናገር ካልቻለ፣ ሴትየዋ ለውሻዋ ሲናገር ትስማዋ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኩን አነሱ። «ወይዘሮ ሃርግሪቭ፣ ጁኖ ታማለች።»

«ምኗን?» አለች አይዳ።

ሌዲ ኦክታቪያ ይህን አላሰቡበትም ነበር። «ሁሉንም፣» አሉ።

አይዳ ብዙም ሳትቆይ መጣች፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ ጉንጯ ቀይ የሆነ ሴት ናት፤ እስከ ጉልበቷ የላስቲክ ቦቲ ተጫምታለች። የጁኖን ዓይን ገልጣ አየች፣ ጆሮዋን አየች፣ ሆዷን ዳሰሰች። ጁኖ በደስታ ተገለበጠችላት።

«እሜቴ፣» አለች አይዳ ቀና ብላ፣ «ይህች ውሻ እኔንም እርስዎንም ቀብራ ትመለሳለች። እኔ ዕቃዬን እየሸከፍኩ ነው። ምን ፈልገው ነው የጠሩኝ?»

«እንግዲህ፣» አሉ ሌዲ ኦክታቪያ፣ «አንዳንድ ሰዎች አንዳንድ ነገር አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻ...»

«አልገባኝም።»

«አየሩ ትንሽ...»

«እሜቴ፣ አየሩን መስኮት ከፍቼ አየዋለሁ።»

ደጁ ላይ የጠጠር መንኮሻኮሽ ተሰማ። የሻለቃው እርምጃ ነው። ሌዲ ኦክታቪያ ሰባ ዓመት ካለፋቸው ወዲህ እንዲህ ፈጥነው አያውቁም፤ አይዳን ክንዷን አፈፍ አድርገው ከተሰቀሉት ካፖርቶች ኋላ ጎትተው ከተቷት።

«ምን እየሠራን ነው?» አለች አይዳ።

«ዝም ይበሉ።»

«እኔ ተደብቄ ሰው አልሰማም። እኛ አገር ነውር ነው።»

«እኛም አገር ነውር ነው። እባክዎን። ልጄ የሚናገረው ሰው ከሌለ ብቻ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ሻለቃው ገባ፤ ጭቃ ጫማውን አወለቀና አግዳሚ ወንበሩ ላይ በአንድ ጎኑ ተቀመጠ።

«ጁኖ፣ የኔ ማር፣ መኪናዋ ደጅ ቆማለች። ልትሰናበት መጥታ ይሆናል። ምን እላታለሁ?» ወደ ውሻዋ ጎንበስ አለ። «እስቲ አንቺ እሷ ነሽ እንበል። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ወይዘሮ ሃርግሪቭ... ዝናቡ አባራ።» ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም። ወይዘሮ ሃርግሪቭ፣ መርከቡ ምቹ ነው ይላሉ። ኧረ ምን ነካኝ። ወይዘሮ ሃርግሪቭ፣ እኔ... እኔ እርስዎን...»

ካፖርቶቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ጁኖ ግን የወይዘሮ ሃርግሪቭን ቦታ ወክላ መቀመጥ ሰለቻት። እውነተኛዋ ወይዘሮ ሃርግሪቭ በአፍንጫዋ በኩል ደርሳታለች። ተነሳች፣ ጭራዋን እያወዛወዘች ወደ ካፖርቶቹ ሄደች፣ በአፏም አንዱን ጫፍ ይዛ ጎተተች። ሻለቃው በዓይኑ ተከተላት። ከካፖርቶቹ ሥር አራት እግር ይታያል፤ ሁለቱ የላስቲክ ቦቲ፣ ሁለቱ የእናቱ የቤት ጫማ።

«እናቴ፣» አለ።

«ፔሪ።»

«ወይዘሮ ሃርግሪቭ።»

«ሻለቃ።»

ሻለቃው በሥርዓት ያደገ ሰው ነው። «ካፖርት ፈልጋችሁ ነው?» አለ።

«አዎን፣» አሉ እናቱ።

«አይደለም፣» አለች አይዳ ወጥታ፣ አንድ እጀታ ከትከሻዋ ላይ እያወረደች። «ለውሻ የሚነግሩትን እንድሰማ እናትዎ ጎትተው አስገብተውኝ ነው። እኔ ግን ከዚህ ኋላ ሆኜ የምሰማው ነገር የለም፤ ፊት ለፊት እጠይቅዎታለሁ። ባለፈው ጠይቄያለሁ፤ ይኸው አንድ ጊዜ ልድገመው። ብሄድ እንዴት ነው?»

የሻለቃው ፊት እንደ ቀይ ሥር ሆነ። አፉን ከፈተ። ሌዲ ኦክታቪያ ያችን ቃል በልጃቸው ጉሮሮ ስትወጣ በዓይናቸው አዩዋት፤ እንደ ድመት ጀርባዋን አጉብጣ እየመጣች ነው።

«አይ...» አለ ሻለቃው። «አይ...»

«ፔሪ፣» አሉ እናቱ። «ትምህርት ቤት የላክሁህን ቀን ታስታውሳለህ?»

ሻለቃው ዞረ። «ባቡር ጣቢያው?»

«ባቡር ጣቢያው። ሰባት ዓመትህ ነበር። ኮፍያህ ሰፍቶህ ጆሮህ ላይ ወርዶ ነበር። ‹እዚያ ይከፋል?› ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔም ‹አይከፋም› አልኩህና እንደ ትልቅ ሰው እጅህን ጨበጥኩህ። ባቡርህ ሲሄድ ሴቶች ማረፊያ ክፍል ገብቼ በመጋረጃው ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። መጋረጃው የሕዝብ ነው፤ ግድ አልሰጠኝም። ከፍቶኝ ነበር። ይኸው፣ አልኩት። ከፍቶኝ ነበር። ይህች ሴት እንዲህ ከሄደችም ይከፋኛል።»

ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ ጥግ ላይ በተቀመጠው ባልዲ ውስጥ ሲያርፍ ተሰማ።

«አላውቅም ነበር፣» አለ ሻለቃው።

«እንዴት ታውቃለህ? መቼ ነገርኩህ?»

ሻለቃው ያወለቀውን ጫማ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «ይከፋ ነበር፣ እማዬ፣» አለ በመጨረሻ። «እዚያ። በጣም ይከፋ ነበር።» እማዬ ብሎ ከጠራቸው ያ ኮፍያ ጆሮው ላይ ከወረደበት ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሌዲ ኦክታቪያ አጠገባቸው የነበረውን ካፖርት እጀታ ጨበጡ፤ ሌላ የሚጨብጡት አልነበረም።

ከዚያ ሻለቃው ወደ ውሻዋ ዞረ። «ጁኖ፣ ለወይዘሮ ሃርግሪቭ ንገሪያት፤ ብትሄድ...»

«ጁኖ ሥራዋን ጨርሳለች፣» አለች አይዳ። «ለእኔ ይናገሩ።»

ሻለቃው ተነሳ። በጣልያን አገር ከታንክ ሲወጣ እንኳ ይህን ያህል አልፈራም ነበር። «ቢሄዱ... ብትሄጂ ይከፋኛል፣» አለ።

ሌዲ ኦክታቪያ ልብ ብለው ሰሙ። ልጃቸው «አንቺ» ብሎ የሚያውቀው ጁኖን ብቻ ነበር።

«ትንሽ ነው ብዙ?» አለች አይዳ።

«እጅግ።» ይህን ብሎ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። መቀመጫውን ረስቶት በሁለቱም ጎኑ ነበር የተቀመጠው፤ ፊቱን አጨማደደ፣ ግን አልተነሳም።

አይዳ አጠገቡ ተቀመጠች። «መኪናዬን የሚገዛኝ ሰው አላገኘሁም፣» አለች። «ጤነኛ ሰው አይገዛትም። እንግዲህ ባልሄድስ ምን ሆኜ ልቆይ?»

«እዚህ መሆን ይቻላል፣» አለ ሻለቃው። «ከእኔ ጋር። በቤተ ክርስቲያን በኩል ዞረን።»

አይዳ ጣሪያውን አየች፤ ባልዲውን አየች። «ቤቱ ይበርዳል።»

«አዎን።»

«ያፈሳል።»

«ከዚህም የባሰ ክፍል አለ።»

«አንተ የልብህን የምታወራው ለውሻ ነው።»

«እለማመዳለሁ።»

አይዳ አሰበች። የዮርክሻየር ሰው ከብት ሲገዛ እንደሚያስበው፣ ሳትቸኩል። «አይከፋም፣» አለች።

የሻለቃው ፊት ነጣ። ወደ እናቱ ዞረ፤ ቃሉን በየትኛው አገር ቋንቋ ይስማው? በሷ ወይስ በእነሱ?

«በእኛ ቤት ቋንቋ ነው፣ ልጄ፣» አሉ ሌዲ ኦክታቪያ። «እሺ ማለቷ ነው።»

«አማቴ ልክ ናቸው፣» አለች አይዳ።

በዚህ ጊዜ ትሪቬት በሩ ላይ ቆሞ ታየ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አይታወቅም፤ ዓይኑ ግን ሽንኩርት የከተፈ ሰው ዓይን ነበር፣ የትሪቬት ሾርባ ደግሞ ሽንኩርት ገብቶበት አያውቅም።

«ምሳ ቀርቧል፣ እሜቴ።»

«ዛሬ ሾርባው እንዴት ነው፣ ትሪቬት?» አሉ ሌዲ ኦክታቪያ፣ እንደ ልማዳቸው።

ትሪቬት ተረከዙን ገጥሞ እንደ ወታደር ቀጥ አለ። «ይከፋል፣ እሜቴ።»

ሁሉም አዩት።

«ሁልጊዜም ይከፋ ነበር። እኔ ታንክ ነጂ ነኝ። ወጥ ቤቷ ስትሄድ ‹ሾርባዬ ስለማይጥማቸው ሌላ ሰው ይቀጥራሉ› ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አላችሁ። እንግዲህ ሆን ብዬ ላበላሸው አልኩ። ጨው አበዛሁ፤ አይከፋም አላችሁ። አሳረርኩት፤ አይከፋም አላችሁ። ትናንት ሳሙና ጨመርኩበት፣ እሜቴ።»

«አረፋውን አይቼዋለሁ፣» አለ ሻለቃው። «የጣልያን አሠራር መስሎኝ ነበር።»

ሌዲ ኦክታቪያ ራሳቸውን ከካፖርቶቹ አላቀቁ። «ትሪቬት፣ እኔም ሾርባህ ዘወትር ይከፋኝ ነበር፣» አሉ። ከዚያ ደግሞ ነገሩ ቀለላቸው መሰል፣ «እንቁላልህም፣» ብለው ጨመሩ።

«አመሰግናለሁ፣ እሜቴ፣» አለ ትሪቬት፤ ከልቡ ነበር።

ያን ቀን አራቱም ማእድ ቤት ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ዳቦ በሰርዲን በሉ። ትሪቬት ሾርባውን በሳሕን ቀድቶ ለጁኖ አቀረበላት። ጁኖ ቀረበች፣ አሸተተች፣ ጭራዋን ሰብስባ ሄደች። እሷ መጀመሪያም ቢሆን አይከፋም ብላ አታውቅም።